የአካፋዩ ድርሻ

ለንደን፣ ቶተንሃም
ታኅሣሥ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣
ቢሾፍቱ።

ይህን ጨለማ የበዛበት ወር አሳልፎ ለዛሬ ያደረሰኝ አምላክ አንቺንም ከነቤትሽ በጤና ይጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴንም ያመመኝ ዕድሜ ሳይሆን አራተኛ ፎቅ ነው፤ የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ሰነበተ። የጠየቅሽኝን የንባብ መነጽር ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ።

አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ አልፈቀድሁም። በስልክ የተነገረ በማግሥቱ ይካዳል፤ የተጻፈ ግን ባለበት ይቆማል።

የልጄ የኂሩት ባል የቲቶ አባት የሆነውን ዳኛቸውን በስም ታውቂዋለሽ። እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት አለው፤ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። ይህ ሰው በቅርቡ የሥጋ ማጠኛ ገዛ። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ማቀዝቀዣ የመሰለ ጥቁር ሣጥን ነው። በኤሌክትሪክ ይሞቃል። በጎኑ ባለች ትንሽ መሳቢያ የተከተፈ እንጨት ይጨመርበታል፤ እንጨቱ ሳይነድ ይጨሳል፤ ውስጡ የገባው ሥጋ ከማለዳ እስከ ማታ ሲታጠን ይውላል። የሚታጠነውም ሥጋ፣ እኅቴ፣ እሪያ ነው።

በፈረንጆቹ ልደት ቀን ቤተ ዘመዱ ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። እኔም ስለ ልጄ ስል ሄድሁ፤ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለ ነበርን ኂሩት ሽሮዬን በሣህን ይዛልኝ መጥታ ነበር። ዳኛቸው የእሪያውን ወርች ከሣጥኑ አውጥቶ በሁለት ሹካ ቢነካው እንደ ባዘቶ ተበተነ። ጎድን የለው፣ ፍሪምባ የለው፣ ለታላቅ የሚገባው ለታናሽ ከሚገባው አይለይበት። ሁሉም እጁን እየዘረጋ ከፈለገበት ዘገነ። እኔ የአባቴን ቢላዋ ይዤ በዚህ አገር ስንት ዓመት ለቅርጫ መደብ ሳወጣ፣ ለትንሣኤ በግ ስበልት እንደ ኖርሁ ታውቂያለሽ። ከእኔ እጅ የወጣ ሥጋ እያንዳንዱ የማን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። በዚያ ቀን ግን ሥርዓት ያጣውን ሥጋ ሲበሉ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰው ገና ይመጣል። የእነርሱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚለያይ፣ ኂሩት በእነርሱ ቀን ኤድመንተን፣ በእኛ ቀን እኔ ዘንድ ትውል ነበር። ባለፈው ሁለቱ ሲገጥሙ ገና አላገባችም። ዘንድሮ ባሕረ ሐሳቡን ባሰላው ሁለቱም ሚያዝያ ፲፪ ቀን ይውላሉ። ልጄ ከሁለት ቤት አንዱን ትመርጣለች ማለት ነው። አልጠየቅኋትም። አባት እንዲህ ያለውን ነገር አይጠይቅም።

ወንድምሽ
መርዕድ


ቢሾፍቱ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ መርዕድ፣

እግዜር ጉልበትዎንም ሊፍቱንም አብሮ ይጠግንልዎ። እኛ ደኅና ነን። መነጽሩ ደርሶኛል፤ መጀመሪያ ያነበብኩበትም የእርስዎን ደብዳቤ ነው። አንብቤ አጠፍኩት፤ ደግሞ አውጥቼ አነበብኩት። ጋሼ አይቆጡኝና፣ የኂሩትን ነገር ከዳኛቸው ነገር ጋር ባመዛዝነው የዳኛቸው በለጠ።

ልጅ ሳሉም እንዲሁ ነበሩ። ምንጃር በነበርንበት ዘመን፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ሆነን ቤታችን ጎን ለጎን ሳለ፣ አባትዎ ለፋሲካ ቢላዋውን ለታላቅ ወንድምዎ ቢሰጡ እርስዎ በረት ገብተው ሳይገድፉ ዋሉ። እናቴ ናት ወጥ በወጭት ይዛ ገብታ ያባበለችዎ። ዛሬ ማን ወጭት ይዞ ይግባልዎ? ኤድመንተን በረት ያለ አይመስለኝም።

ልጄ ባዩ ሥራ ጀምሯል። ተመስገን፣ ቤታችን ሞልቷል። የማርያም ማኅበር ተራዬም ደርሶ ሽር ጉድ ላይ ነኝ።

ያ ሣጥን ግን ገርሞኛል። በሩ ጥብቅ አድርጎ ይገጥማል ወይስ ጢሱ ያመልጣል? እንጨቱ ሳይነድ የሚጨሰው አየር ስለሚያንሰው ነው? ሥጋው ተሰቅሎ ነው ወይስ ተጋድሞ የሚታጠነው? መብራት መሐል ላይ ቢጠፋስ ምን ያደርጉታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

በሚመችዎ ጊዜ ሰው ካገኙ ሞቅ ያለ ጫማ ቢልኩልኝ፤ እግሬ ጠዋት ጠዋት ይበርደዋል።

ታናሽ እኅትዎ
ጥሩብርሃን


ቶተንሃም
ጥር ፳፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ።

ስለ ልጄ ጻፍሁልሽ፤ ስለ ሣጥን ጠየቅሽኝ። የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በረት የገባሁት ግን ጥጃ ለማሰር ነበር፤ ይህ ይታረም።

የሣጥኑ በር ጥብቅ ብሎ ይገጥማል። ጢሱ በላዩ ባለች ትንሽ ሽንቁር በቀስታ ይወጣል። ሥጋው በሽቦ መደርደሪያ ላይ ይጋደማል፤ ከሥሩ ውኃ የያዘ ሣህን አለ። ይህን ያህል በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ለማወቅ ዳኛቸውን መጠየቅ ያሻል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከእርሱ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል አልቆጥርም።

ባለፈው እሑድ ኂሩት መጥታ ነበር። ዕቃዬን አጠበችልኝ፤ መድኃኒቴን አየች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ለፋሲካ ምን እንዳሰብሁ ጠየቀችኝ። እንደ ሁልጊዜው ነው አልኋት። እሺ አለች። እሺ ስትል ግን የምታየው እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነበር።

ከሹራቧ የዚያ ጢስ ሽታ ይመጣ ነበር።

ጫማውን ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

መርዕድ


ቢሾፍቱ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ መርዕድ፣

መጪውን ዐቢይ ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ጉልበትዎ ለስግደቱ ይታዘዝልዎ።

ጫማውን ይተዉት። እግሬ ለምዷል። በምትኩ ሰው ካገኙ ያቺን ሥጋ ውስጥ የምትወጋ የሙቀት መለኪያ ይላኩልኝ፤ ጫፏ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ከላይዋ ቁጥር የምታሳይ። አዲስ አበባ ብናስፈልግ ያገኘነው የውኃ ሙቀት የምትለካዋን ነው።

ደግሞም ይህን ያጣሩልኝ። ሥጋው ሳይገባ ስንት ሰዓት በጨው ይቆያል? ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ምን ያህል ነው? ሥጋው በስሎ ሳይደርቅ የሚወጣውስ መለኪያው ስንት ሲል ነው? ዳኛቸው ዘንድ ይሂዱ፣ ጋሼ። የኔታ ዘንድ ቀለም ሲቀጽሉ የማያውቁትን መጠየቅ ነውር አልነበረም። ኂሩትንም እዚያው ያገኟታል፤ ስትስቅ ይሁን ስታዝን በዓይንዎ ያያሉ፤ ከሹራብ ሽታ ከመገመት ይሻላል።

ለምን እንደምፈልገው አይጠይቁኝ። እንጀራዬ ነው ብለው ያዙልኝ።

ማኅበሩ አለፈ። ድፎው ተርፎን ነበር።

ጥሩብርሃን


ቶተንሃም
መጋቢት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣

ይህን ደብዳቤ ሳምንት ሙሉ ሳልጽፈው የቆየሁት ቃሌን መምረጥ ስለ ነበረብኝ ነው።

በቃልሽ መሠረት ቅዳሜ ማለዳ ባስ ይዤ ኤድመንተን ወረድሁ። ዳኛቸው በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ፀሐይ ዛሬ በየት በኩል ወጣች አለ። ለዘመዴ የምጠይቀው ነገር አለ አልሁት። ጓሮው ውስጥ ወንበር አወጣልኝ፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥሁ። እርሱና ቤቱ ጾም አያውቁምና ሣጥኑ ከማለዳ ጀምሮ ይጨስ ነበር።

የጠየቅሽው ይኸውልሽ። ወርቹ ማታውን በጨውና በቅመም ታሽቶ ያድራል። ሣጥኑ ከመቶ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ሥጋው ዘጠና አምስት ግድም ሲደርስ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አጥንቱ ከሰገባ እንደሚመዘዝ ጎራዴ ሳይታገል ይወጣል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጢሱም ሙቀቱም ይሄዳል። ዳኛቸው ግን ስልኩን አስቀምጦ ‹‹አንዴ ቼክ ላድርገው›› እያለ ይከፍታል። ጋን ሲታጠን አፉ ይደፈናል እንጂ በየደቂቃው አይጎበኝም አልሁት። ከዚያ ወዲህ አልከፈተም።

ከቀትር በኋላ መለኪያው ሰባ ገደማ ደርሶ ቆመ። ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተደገመ፤ ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ። ተበላሸብህ አልሁት፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ እያለኝ ነው ያልሁት። ኂሩትና ቲቶ ልጃቸውን ኤዶምን ይዘው የገቡት በዚህ መሐል ነው። ዳኛቸው ወደ እነርሱ ዞሮ እንዲህ አለ፦

‹‹ጋሽ መርዕድ ሰጉ። አልተበላሸም፤ አኩርፎ ነው። እንደ እርስዎ ነው፣ ጋሼ። ዝም ሲሉት በራሱ ይመለሳል።››

ኂሩት ሳቀች። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ሳቋን ሳትጨርስ ‹‹ተው እንጂ አባባ›› አለች። ዘወር ብዬ ምን አልሁ ልላት ነበር። የጠራችው እርሱን ኖሯል። እኔን በምትጠራበት ስም።

የኔታ በአለንጋ ሲገርፉኝ አላለቀስሁም። ያን ጊዜም አላለቀስሁም። ብቻ ጢሱ ወደ እኔ በኩል ዞረና ሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ ሳብሁት። ወይራ ነው። የእናቴ የጠላ ጋን ሽታ፣ ኤድመንተን ውስጥ፣ ከእሪያ ሣጥን ይወጣል። ይህን እንጨት ማን ነገረህ አልሁት። ጎረቤቱ የገረዘውን የወይራ ቅርንጫፍ እያሳየኝ፣ የቢሾፍቱዋ እትዬ ጥሩብርሃን ናት አለ። ልጅሽ ባዩ ቁጥሩን ከኂሩት ተቀብሎ፣ በስልክ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ብዙ ጊዜ እንደ ተነጋገራችሁ ነገረኝ። ደግ ሴት ናት አለኝ። ስላንቺ ለእኔ ነገረኝ።

ለፋሲካም በግዎን ይዘው ይምጡ፣ ሁላችንም እዚህ እንዋል አለ። አስብበታለሁ አልሁት። እንዲህ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

በማግሥቱ ለቅዳሴ ብቆም፣ ከጎኔ የነበሩት ወይዘሮ እህተማርያም ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ካፖርቴን አዩት። በዐቢይ ጾም። በዚህ ዕድሜዬ።

መለኪያዋን ልኬልሻለሁ። ከእንግዲህ ጥያቄ ቢኖርሽ የምትጠይቂውን ሰው አግኝተሻል።

መርዕድ


ቢሾፍቱ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ መርዕድ፣

ይቅርታዎን ሳላገኝ ሰላምታ ለማቅረብ አልደፍርም። መለኪያዋ ደርሳለች።

ባዩ ጀመረ ያልኩዎት ሥራ አሳማ እርባታ ነው። ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁበት። መኖውም ተወደደ። የሆቴል ትርፍራፊ በልቶ የሚያድገው እሱ ብቻ ሆነ፤ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ይወስዱታል። አሁን ደግሞ የታጠነ አምጡ ይሉናል። በበርሜል ብንሞክር ግማሹ አረረ፣ ግማሹ ጥሬውን ቀረ። ሣጥኑን የጠየቅኩዎ ለዚህ ነው።

አልበላውም፤ ይህን ያውቃሉ። የምበላው ግን ከእሱ ነው። በደብዳቤዎ እሪያ ባሉ ቁጥር እኔን የጠሩ ይመስለኝ ነበር።

ማኅበሩ አለፈ፣ ድፎው ተረፈ ብዬዎት ነበር። ማኅበርተኞቼ አሞናል ብለው ቀሩ፣ ጋሼ። ቄሱም መንገድ አለብኝ አሉ። ጽዋው ተሸፍኖ ዋለ። ጠላውም፣ በወይራ ያጠንኩት፣ አንድ ሰው አልቀመሰውም። ድፎውን ብቻዬን ቆረስኩት፤ ባዩ እንዳያይ ግማሹን ለጎረቤት ልጆች አደልኩ።

መልስዎ እስኪደርስ መጠበቅ ባልችል ዳኛቸውን ጠየቅኩ እንጂ እርስዎን ስለናቅኩ አይደለም። እሱ ቢስቅብኝ ምኔ ይጎድላል? እርስዎ ግን የቀሩኝ አንድ ታላቅ ነዎት። ወይራውንም የነገርኩት በባዶ እጅ ዕውቀት ስለማይጠየቅ ነው። የእናትዎ መሆኑን ልነግረው ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

ስለ ኂሩት አንድ ቃል ልበል። ሁለት ሰው አባባ የምትል ልጅ አንዱን አልቀነሰችም። በሁለት ቤት መሐል መንገድ ላይ አያቁሟት።

ከእንግዲህ ምንም አይላኩልኝ። ቢችሉ ይጻፉልኝ።

ጥሩብርሃን


ቶተንሃም
ሚያዝያ ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣
ለልጄ ለባዩም ጭምር፣

ሞትን ድል ነሥቶ የተነሣው ጌታ ቤትሽን በሰው ይሙላልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሆሳዕና ዋዜማ ነው። በሕማማት ሰላምታ አይሰጥም ብዬ ለራሴ ምክንያት አበጀሁ፤ ከዚያ በፊት መልስ የምሰጥበት ቀን ግን ነበረኝ። ተቆጥቼ ነበር። በእሪያው መቆጣቴን ትቼ፣ ያንን የድፎውን ነገር ከእኔ ቀድሞ ዳኛቸው ሰምቶት ይሆን ብዬ ስቆጣ ራሴን አገኘሁት።

በትንሣኤ ቀን ጠረጴዛዬን ለሁሉም ዘርግቼ፣ በጌን አሰናድቼ፣ የአባቴን ቢላዋ ስዬ ተቀመጥሁ። ኂሩት ባሏንና ልጇን ይዛ መጣች፤ ኮቷን ግን አላወለቀችም። እንኳን አደረሰዎ ብላ ጉልበቴን ሳመችና ቆመች።

‹‹አባባ፣ እኔ አልመርጥም›› አለች። ‹‹ወይ አብረውን ይሄዳሉ፤ ወይም ሁላችንም እዚህ እንቀመጥና ለእሱ ደውዬ አንመጣም እለዋለሁ። የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።››

እኅቴ ሆይ፣ ያን ቀን ስመኘው የከረምሁት ነገር በእጄ ገባ። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም የእኔ ነበሩ። ቲቶ መሬት መሬት ያያል። ኤዶም ጫማዋን ማውለቅ ጀምራለች። በዓይኔ የመጣው ግን ዳኛቸው ነው፤ ያንን ጥቁር ሣጥን ከፍቶ፣ ወርቹን በጣውላ ላይ አስቀምጦ፣ ወደ በሩ ሲያይ። ከእርሱም ኋላ የተሸፈነ ጽዋና ብቻሽን የቆረስሽው ድፎ ታየኝ። እንዲያ ያለ ገበታ በእጄ አይዘረጋም አልሁ፤ ለዳኛቸውም ቢሆን። ልጅቱን ጫማሽን እሰሪ አልኋት። በጉንና ቢላዋውን ይዘን ወረድን፤ ሊፍቱ አሁንም አልተሠራም።

ኤድመንተን ስንደርስ የፈራሁት አልቀረም። በጌን በአባቴ ሥርዓት አደልሁ፤ ፍሪምባውን፣ ጎድኑን፣ ወርቹን ለየባለቤቱ። ሁሉም ተቀብሎ መረቀኝ። ወዲያው ዓይናቸው ወደ ሣጥኑ ሄደ። የእኔን በሉ፤ የእርሱን ግን ይጠባበቁ ነበር።

ዳኛቸው ወርቹን አውጥቶ አመጣ። ሁለቱን ሹካ ግን አላነሣም። በሰው ሁሉ ፊት ጣውላውን ከፊቴ አኖረና፣ እርሱ በበተነው ቁጥር ጠብ እንደሚነሣ ነገረኝ፤ ሁሉም የሚሻማው ከላይ ያለውን ጥቁሩን ቅርፊት ነው። እባክዎ ይደልድሉልን አለኝ። እንደማልነካው ያውቃል። ሊያዋርደኝ ይሆን ብዬ ፊቱን መረመርሁ፤ ላብ ብቻ ነው ያየሁበት።

ከወንበሬ ሳልነሣ ከዘራዬን ዘረጋሁ። ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ለስላሳው ለታላላቆቹ፣ የጎኑ ለጎልማሶቹ፣ የጫፉ ለልጆቹ ብዬ በከዘራው ጫፍ እያመለከትሁ፣ ቲቶ በእኔ ቃል ቆረጠ። ያ ብትንትን ሥጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓት አገኘ። ቅርፊቱ ቀረ። ኂሩት ትወደዋለች፤ ለእርሷ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን የገበታው ምርጥ ለባለቤቱ ነው፤ ይህን የወሰንሁት እኔ አይደለሁም፣ አባቴም አይደለም። ቅርፊቱ ለዳኛቸው አልሁ። እንዴት እንዳቃጠለኝ ላንቺ ብቻ እነግርሻለሁ።

ዳኛቸው በሁለት እጁ ተቀበለ። ሳይቀምሰው ቆመ።

‹‹የአካፋዩስ ድርሻ?›› አለኝ።

አካፋይ ድርሻ አለው፤ እኔ ደግሞ ይህን ሥጋ በአፌ አላደርግም። ወይዘሮ እህተማርያም እንኳ ያንን ጊዜ ቢኖሩ ነጠላቸውን ይለቁት ነበር።

‹‹የእኔን ለቢሾፍቱ፣ ለእኅቴ ለጥሩብርሃን አኑርልኝ›› አልሁት።

አንቺም እንደማትበዪው አውቃለሁ። ዳኛቸው ግን በንጹሕ ሣህን ለይቶ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ከጣውላው ራስጌ አኖረው። ስምሽ በገበታው ላይ ዋለ።

ለባዩ ንገሪልኝ፤ ሥጋው ሲያኮርፍ አይቸኩል፣ በሩን አይክፈት፣ እሳት አይጨምር። ወይራው ደረቅ ይሁን። ሌላ የሚያስቸግረው ነገር ቢኖር ለእኔ ይጻፍ። ዳኛቸው ስለ ወይራ የሚያውቀው ከእናቴ ጋን የወጣውን ብቻ ነው፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ።

ሣህኑን ሲያስቀምጥ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ እስኪ እትዬ ጥሩብርሃንን ላሳያት ብሎ ሊደውልልሽ ነበር። እጁን ያዝሁት።

ተው፣ እኔ እጽፍላታለሁ አልሁት።

ታላቅ ወንድምሽ
መርዕድ